ዓድዋን የሚወልድ ደንብ የትኛው ነው?

የካቲት በገባ ቁጥር ስለ ዓድዋ የሚጽፈው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ድሉን ለጀግንነት ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው ለጣልያኖች ስሕተት፤ ሦስተኛው ለቁጥር ብልጫ። ሁሉም ሙግታቸውን የሚያካሂዱት በቅጽል ነው፤ ቅጽል ደግሞ ሚዛን ላይ አይወጣም። እኔ ከዓመታት ወዲህ የያዝኩት መፈተኛ ሌላ ነው። «ጦርነቱ የተሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር፣ ያ ምክንያት በደንብ መልክ ተጽፎ በጠረጴዛ ላይ ቢጫወቱት ያንን ቀን መልሶ ይወልደው እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ስለ ጦር ጨዋታ ነው። ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። በጠረጴዛው ላይ ኮረብታው፣ ወንዙና መንደሩ በልኩ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከጣት አንጓ የማይበልጡ የእርሳስ ወይም የፕላስቲክ ወታደሮች በትናንሽ ካርቶኖች ላይ ተለጥፈው ይሰለፋሉ። እርምጃቸው በሜትር ይለካል፤ የተኩሱና የጨበጣው ውጤት በሉዶ በምናውቀው ዳይስና በአንድ የቁጥር ዝርዝር ይወሰናል። ለትልቅ ሰው የማይመጥን የሕፃን ሥራ ነው የሚል አይጠፋም፤ ይበል። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚህ ጨዋታ ደንብ ጸሐፊዎች መካከል ከ200 ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ ሙግት አለ። ደንቡ እውነተኛ ይሁን ከተባለ ይረዝማል። የጥይቱ ርቀት፣ የመሬቱ ተዳፋት፣ የወታደሩ ድካም፣ ሁሉም ይቆጠራል፤ ሁለት ሰዎች ሙሉ ቅዳሜያቸውን ሠውተው ከውጊያው 20 ደቂቃ ብቻ አልፎ ይመሻል። ደንቡ ፈጣን ይሁን ከተባለ ደግሞ ጨዋታው በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ነገር ግን ያለቀው ነገር ጦርነት ይሁን ገበጣ ለመለየት ያስቸግራል። ብዙዎች በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ፈልጎ ከመቆም በቀር መፍትሔ ያለ አይመስላቸውም። ለእኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ነው። የአንድ ደንብ እውነተኛነት የሚለካው ተጫዋቹን በምን ዓይነት አለማወቅ ውስጥ እንደሚያስቀምጠውና በሜዳው ላይ ካሉት ሰዎች ማንን «ያስባል» ብሎ እንደሚቈጥር ነው። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ፖለቲካ ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ማንሳቴም ስለዚሁ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከቤታችን እንጀምር። የቀድሞ መኳንንቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከአውሮፓው ቼዝ የሚለይበት አንድ ድንቅ ደንብ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የባላንጣቸውን እጅ ሳይጠብቁ፣ እንደ ፍጥነታቸው፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ከገደለ በኋላ ነው። ያ የመጀመሪያው ምዕራፍ «ወረራ» ይባል ነበር። ልብ በሉ፦ ይህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ደንብ ነው። ሆኖም ሁለት ሠራዊት በአንድ ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ፣ ፈጥኖ ያሰበ ሰው መልካሙን ቦታ እንደሚይዝ፣ ዓይኑን ከባላንጣው እጅ የነቀለ ሰው እንደሚቀደም፣ አንዴ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ከባድና ዝግ ያለ እንደሚሆን ያሳያል። የአውሮፓው ቼዝ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ የሚጫወቱት የሳሎን ጨዋታ ነው። የእኛው ዘመቻን የሚያውቁ ሰዎች ጨዋታ ነበር። ፍጥነትና እውነት እዚህ አልተጣሉም፤ ፍጥነቱ ራሱ እውነቱ ነበር።

አውሮፓ በሌላ መንገድ መጣች። ባሮን ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ ሲቪል ሹም በ1812 ለንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አቀረበ። ኮረብታውና ሸለቆው በጄሶ ተቀርጾ በቀለም ተነክሯል፤ ገጾቹ እየተነሡ በሌላ ቅደም ተከተል ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ የጦር ክፍሎቹም በየመሳቢያው ተቀምጠዋል። ንጉሡና ልጆቹ ወደዱት። ግን የቤተ መንግሥት ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ነገሩን ለሠራዊት ያበቃው ልጁ ነው። ወጣቱ ራይስቪትዝ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ደንቡን በ1824 በርሊን ውስጥ አሳተመ። ጠረጴዛውን ትቶ 1 ለ8000 በሆነ ልኬት በተሠራ ካርታ ላይ ተጫወተ። እያንዳንዱ ተራ የውጊያውን 2 ደቂቃ ይወክላል። የተኩሱን ውጤት ከራሱ አላፈለቀም፤ ሻርንሆርስት በጠመንጃና በመድፍ ላይ ካደረጋቸው የተኩስ ሙከራዎች ወሰደ፤ በዚያ ላይ ዳይስ ጨመረበት፤ ምክንያቱም አንድ ጭፍራ በ300 እርምጃ ላይ በአማካይ ስንት እንደሚመታ ማወቅ ዛሬ ጧት ስንት እንደሚመታ ማወቅ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዳኛው ነው። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ እርሱ ብቻ ሁሉን ያያል፤ ለእያንዳንዳቸውም በዚያች ሰዓት በዓይናቸው ሊያዩት የሚችሉትን ብቻ በካርታው ላይ ያስቀምጣል። የኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሙፍሊንግ ጨዋታውን ሲያይ መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ወደ መጨረሻው ግን እጅግ ተደንቆ ይህ ለጦርነት ማሠልጠኛ እንጂ ጨዋታ አይደለም ማለቱ ይነገራል፤ ለሠራዊቱም ሁሉ እንዲዳረስ አደረገ። የደንቡ ጸሐፊ ዕጣ ግን አላማረም። የባልደረቦቹ ቅናት በዛበት፤ ከበርሊን ወደ ቶርጋው ተዛወረ፤ በ1827 የራሱን ሕይወት አጠፋ።

የራይስቪትዝ ደንብ እውነተኛ ነበር፤ ግን ዘገምተኛ ነበር። የሁለት ደቂቃውን ውጊያ ለማስላት ከሁለት ደቂቃ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ ዳኛውም ዝርዝሩን ሲያገላብጥ ተጫዋቾቹ ያዛጋሉ። እስከ 1870ዎቹ ድረስ ብዙዎች ሊያሳጥሩት ሞከሩ። በመጨረሻ በ1876 ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው ጄኔራል ዳይሱንም ዝርዝሩንም ጠቅልሎ ጣላቸው። ዳኛው ልምድ ያለው መኮንን ከሆነ ውጤቱን ራሱ ይበይን አለ። በአንድ ቀን ጨዋታው ፈጣን ሆነ። በአንድ ቀንም ሌላ ነገር ሆነ፤ የጨዋታው እውነት በዳኛው ጭንቅላት ውስጥ ገባ። ዳኛው ከተጫዋቹ ማዕረጉ ያነሰ ሲሆንስ? ዳኛው ራሱ የዘመቻው ዕቅድ ባለቤት ሲሆንስ?

መልሱን ያየነው በሜይ 1942 ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል የሚድዌይን ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ያማቶ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ዕቅዱን በጦር ጨዋታ ፈተነው። በጨዋታው ውስጥ ከደሴቲቱ የተነሡ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የጃፓንን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች መቱ። ዳኛው በደንቡ መሠረት ዳይሱን ወረወረ፤ 9 ቦምብ ዒላማውን አገኘ፤ አካጊና ካጋ ሰጠሙ ተባለ። የጨዋታው የበላይ የነበረው ኤታማዦር ሹሙ አድሚራል ኡጋኪ 9ኙን ወደ 3 አወረደው። አካጊ ቀላል ጉዳት ብቻ የደረሰባት ሆነች። የሰጠመችው ካጋም ቢሆን ለቀጣዩ ዘመቻ ጨዋታ ከባሕር ወጥታ ተሰለፈች። ከአንድ ወር በኋላ፣ በጁን መጀመሪያ፣ አካጊና ካጋ ከሌሎች ሁለት ተሸካሚዎች ጋር በእውነት ሰጠሙ።

ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ አቁመው ኡጋኪን ይረግማሉ። እኔ ትንሽ ልጨምር። በእውነተኛው ጦርነት ከደሴቲቱ የተነሡት አውሮፕላኖች አንድም ተሸካሚ መርከብ አልመቱም፤ መርከቦቹን ያሰጠሟቸው ከአሜሪካ ተሸካሚዎች የተነሡ ዘቅዛቂ ቦምብ ጣዮች ናቸው። እንግዲህ ኡጋኪ ስለዚያ አንድ ድብደባ የሰጠው ብይን ለእውነት የቀረበ ነበር! ዳይሱ የጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፦ «መርከቦቻችሁ ባላሰባችሁት ሰዓት ቢመቱ ምን ታደርጋላችሁ?» የቁጥሩ መስተካከል ጥያቄውን ራሱ ከጠረጴዛው ላይ አነሣው። የዳኛ አደጋው ሁልጊዜ ሐሰት መናገሩ አይደለም፤ በትክክለኛ ቁጥር የማይመች ጥያቄን ሊገድል ይችላል።

አሜሪካኖችም ከ60 ዓመት በኋላ ይህንኑ ሠሩት። በ2002 በጋ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በፈጀው «ሚሌኒየም ቻሌንጅ» በተባለው ልምምድ ላይ የጠላትን ወገን የመራው ጡረተኛው ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ሬዲዮ ዘግቶ፣ መልእክቱን በሞተር ብስክሌት እየላከ፣ በሚሳይልና በትናንሽ ጀልባዎች 16 የጦር መርከቦችን «አሰጠመ»። መርከቦቹ እንዲንሳፈፉ ታዘዘ፤ የእርሱም እጅ በአዳዲስ ትእዛዞች ታሰረ። ቫን ራይፐር አዛዥነቱን በመሐል ተወ። በማግሥቱ ዓመት ኢራቅ ተወረረች።

ወደ እርሳስ ወታደሮቹ ልመለስ። ጨዋታውን ከመኮንኖች ክበብ አውጥቶ ለተራው ሰው ቤት የሰጠው ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው፤ «ሊትል ዎርስ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፉን በ1913 አሳተመ። የዌልስ ደንብ እጅግ ፈጣን ነው። ለመድፍ ዳይስ የለም፤ በሞላ የሚሠራ መጫወቻ መድፍ ትንሽ የእንጨት ጥይት ይተኩሳል፤ የወደቀው ወታደር ሞተ። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ ይሄዳል። ተጫዋቹም ሰዓት ተይዞበት ነው የሚጫወተው፤ ጊዜው ሲያልቅ ያልተነካው ወታደር ባለበት ይቆማል። በዚህች በመጨረሻዋ ደንብ ዌልስ ሳያውቀው የእኛን ወረራ ነክቷል፤ አመንቺው ይቀጣል። ዌልስ በመጽሐፉ መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር የሚጫወተው የጦር ጨዋታ በዳኛ የታፈነና አሰልቺ እንደሆነ ከመኮንኖች መስማቱን ጽፏል፤ የእርሱን ጨዋታ የዳኛው ሚና እጅግ ወደሚያንስበት የጦር ማሠልጠኛ ማሳደግ እንደሚቻል ያመለከተውንም ሰው ያመሰግናል። ሰውየው ኮሎኔል ማርክ ሳይክስ ነው። አዎን፣ በ1916 ከፈረንሳዊው ፒኮ ጋር የኦቶማንን ምድር በካርታ ላይ የተካፈለው ሳይክስ። ያን ጊዜ ደግሞ ዳኛው ራሱ ነበር።

ፍጥነት ራሱ እውነት እንደሚሆን እንደ ሊቨርፑሉ ጨዋታ ያሳየኝ የለም። በ1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የአትላንቲክን የጭነት መርከቦች ሲፈጁ፣ ጊልበርት ሮበርትስ የተባለ በሕመም ከባሕር የተሰናበተ መኮንን በሊቨርፑል አንድ ክፍል ተሰጠው። ባልደረቦቹ በአብዛኛው በባሕር ኃይሉ የሴቶች አገልግሎት ውስጥ የነበሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወለሉን ባሕር አደረጉት፤ መርከቦቹን በትናንሽ ሞዴሎች፣ መንገዳቸውን በጠመኔ አሳዩ። የአጃቢ መርከብ አዛዡ በሸራ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ወደ ወለሉ ይመለከታል። የሰርጓጁ መንገድ ከመጋረጃው ጀርባ እንዳይታይ በተመረጠ ቀለም ይሠመራል። ተራው 2 ደቂቃ ነው፤ አዛዡ ትእዛዙን የሚሰጥበትም ጊዜ ያው 2 ደቂቃ ነው። ራይስቪትዝ ለሁለት ደቂቃ ውጊያ የረዘመ ስሌት የጠየቀበትን ቦታ ሮበርትስ በጊዜው ልክ ጨረሰው። ደንቡ ጥቂት ነበር፤ ቀዳዳዋ ግን ጠባብ ነበረች። ከዚህ ክፍል እስከ ጦርነቱ ማብቂያ 5000 ያህል መኮንኖች አልፈዋል። የሰርጓጅ ጦሩ አዛዥ የነበረው አድሚራል ማክስ ሆርተን ሊሞክረው ገብቶ በጃኔት ኦኬል፣ በዚያች ወጣት፣ አምስት ጊዜ ተሸንፎ ወጣ።

ከጦርነቱ በኋላ ጨዋታው የሕዝብ መዝናኛ ሆነ። ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ እንግሊዛውያን ወታደር መቀባት ጀመሩ። ከ1969 ጀምሮ ፊል ባርከርና ባልደረቦቹ የጥንቱን ዘመን ጦርነቶች ደንብ ከታሪክ ምንጮች ጋር እያመሳከሩ ማውጣት ጀመሩ፤ እትም በእትም ላይ ሲደረብ ደንቡ እየከበደ ሄደ። እነዚህን ዘመናት በፍጥነት አልፋቸዋለሁ፤ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በብዙ ደንቦች ውስጥ 30 ተኳሽ ካለህ 30 ዳይስ ትወረውራለህ፤ ስድስት ያሳየው መታ። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ደስ ይላል። ስሌቱን ግን ተመልከቱ፦ አማካዩ 5 ነው፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ባለው መካከል ይወድቃል። ይህን ለማግኘት አንድ ዳይስና አንድ መስመር ዝርዝር ይበቃ ነበር። ዳይስ መልቀሙ ጊዜ ይበላል እንጂ እውነት አይጨምርም።

ያው ባርከር ከሪቻርድ ቦድሊ ስኮት ጋር በ1990 «ዲ ቤሊስ አንቲኲታቲስ» የተባለችውን ስስ ደንብ አወጣ። አንድ ሠራዊት 12 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ሜዳው 60 ሳንቲ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጨዋታው በአንድ ሰዓት ያልቃል። በየተራው አንድ ዳይስ ትወረውራለህ፤ የወጣልህ ቁጥር የምትሰጠው ትእዛዝ ብዛት ነው። አንድ ከወጣ አንድ ክፍል ወይም አንድ ተያይዞ የቆመ መስመር ብቻ ታንቀሳቅሳለህ፤ የቀረው ሠራዊትህ ቆሞ ያይሃል። ጦሩን ሳይበታተን የያዘ ሰው በአንድ ትእዛዝ ሁሉን ያስኬዳል፤ የተበታተነበት ሰው ስድስትም አይበቃውም። መልእክተኛው ጠፋ፣ ሻለቃው ሰነፈ፣ ፈረሱ አነከሰ እያልን ሃያ ገጽ የምንጽፈውን ሁሉ ያቺ አንድ ዳይስ ዋጠችው።

የውጊያው ደንብም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ዳይስ ይወረውራሉ፤ የክፍሉን ነጥብ ይደምራሉ፤ ያነሰው ባብዛኛው ያፈገፍጋል፤ በእጥፍ ከተበለጠ ግን ብዙውን ጊዜ ይደመሰሳል። ባለ 4 ነጥብ ሁለት ክፍሎች ሲጋጠሙ አንዱ ሌላውን በእጥፍ የሚበልጥበት ዕድል ከ36 አንድ ብቻ ነው፤ ባለ 2 ነጥቦች ሲሆኑ ከ36 አራት ይሆናል። ጋሻና ጦር የያዙ ሁለት ጥቅጥቅ ሰልፎች ሲገፋፉ ይውላሉ፤ ቀላል ጦር ከቀላል ጦር ሲገናኝ ግን ቶሎ ይለይለታል። ይህን ማንም በደንቡ ውስጥ አልጻፈውም፤ ከሒሳቡ ራሱ ይወጣል። ለእኔ ጥሩ ደንብ ማለት እንደዚህ ያለ ነው።

አሁን ወደ ዓድዋ እንምጣ። ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን የተጻፉት ደንቦች ብዙዎቹ የታሰቡት ለእንግሊዝ ዘመቻዎች፣ በተለይ ለዙሉና ለሱዳን ነው። በእነዚህ ውስጥ አፍሪካዊው ሠራዊት የሚገባበት ክፍል አስቀድሞ ተሰፍቶለታል፦ ብዙ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ተኩሱ ደካማ ነው፣ ይሮጣል ወይም ይሸሻል። አውሮፓዊው ወገን ትእዛዝ ይሰጣል፤ አፍሪካዊውን ዳይስ ያንቀሳቅሰዋል። በእንዲህ ያለ ደንብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን ብትጫወቱ ጣልያን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ተሸንፎ ቢገኝም ዳይሱ ከፍቶበት ነው የሚባለው። ጸሐፊው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ማን ያስባል ብሎ እንዳሰበ ግን ደንቡ ይመሰክርበታል።

እስቲ ጉዳዩን እንመርምር። ባራቲየሪ 17,700 ያህል ጦርና 56 መድፍ ነበረው። የምኒልክ ሠራዊት ወደ 100 ሺህ ይገመታል፤ አብዛኛው ውጅግራውን፣ ሬሚንግተኑን የያዘ ነው፤ መድፎችም ነበሩት። እንግዲህ «በጦርና በጋሻ ብቻ» የሚለውን ወዳጆቻችንም ጠላቶቻችንም ይተዉልን። ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ቁጥር ብቻውን ያንን ጧት አይወልደውም። ያ ሠራዊት ሦስት ብርጌዶችን አንድ በአንድ ነው ያገኛቸው፤ ጥያቄው ለምን ተለያይተው ተገኙ የሚለው ነው።

ባራቲየሪ ያደረው የካቲት 22 ለ23 ሌሊት ጦሩን በሦስት መስመር ልኮ፣ አራተኛውን የኤሌናን ብርጌድ ከኋላ አስከትሎ ነው። በእጁ የነበረው ንድፈ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ የሚያሳየው ባልሆነ ቦታ ነበር። በግራ የሄደው አልቤርቶኔ በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተሠመረበት ቦታ ደርሶ ቆመ። መሪዎቹ የአገሩ ሰዎች እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ነገሩት፤ እርሱም ቀጠለ፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን ከምኒልክ ጦር ጋር ተገናኘ። ዳቦርሚዳ ሊረዳው ወጥቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። አሪሞንዲ መሐል ቀረ። ሁለቱም ተጫዋቾች ጠረጴዛውን ከላይ እንደ ንስር የሚያዩበት ደንብ፣ ሺህ ገጽ ቢኖረውም፣ ይህን ሊያወጣ አይችልም። ማንም ጤነኛ ሰው ብርጌዱን በዓይኑ እያየ ወደዚያ አይልክማ!

ስለዚህ ለዓድዋ የጻፍኩት ደንብ አራት ገጽ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ስለ ካርታ ናቸው። ጣልያንን የሚጫወተው ሰው የሚሰጠው የባራቲየሪን ንድፍ የመሰለ ካርታ ነው፤ እውነተኛው ያለው በዳኛው እጅ ነው። የሌሊቱን ጉዞ ትእዛዝ ለሦስቱ ብርጌዶች አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ቦታን በስም ብቻ ይጠራል። ስሙ ሁለት ቦታ ከሆነ ማን እንደሚፈታው የሚወስነው ዳይስ ነው። ጎሕ ሲቀድ ብርጌዶቹ በእውነተኛው ቦታ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ፤ የጣልያኑ ተጫዋች ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት የመግቢያ ዋጋውን ያወጣል። ኢትዮጵያን የሚጫወተው ደግሞ ከጨዋታው በፊት አንዲት የሐሰት ወሬ ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል፤ ዳኛው ከሁለት እውነተኛ ወሬዎች ጋር ቀላቅሎ ለጣልያኑ ያነብለታል። ባሻ አውዓሎም በአገራችን ትረካ የሠራውን ሥራ ከዚህ በላይ ማስረዘም አላስፈለገኝም።

የቀረው የትእዛዝ ደንብ ነው፤ የተለመደውን የገለበጥኩትም እዚህ ላይ ነው። ጣልያን አንድ የትእዛዝ ዳይስ አለው፤ ከባራቲየሪ ዓይን የራቀ ብርጌድ ለአንድ እርምጃ ሁለት ነጥብ ይበላል። በኢትዮጵያ በኩል ግን ራስ መኮንን፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ ሚካኤል፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ አሉላ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዳይስ አላቸው። በእኔ ንባብ ዓድዋ የሚገባን መኳንንቱ የተኩስ ድምፅ ወደሰሙበት የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ ሳይጠብቁ መሄድ የሚችሉ አዛዦች ነበሩ ብለን ስንጽፍ ነው። አውሮፓውያን ይህንን «ሥርዓት የሌለው የባላባት ጦር» ይሉታል፤ ሞልትኬ ለጀርመን መኮንኖች ሲያስተምረው ግን የአዛዥ ነጻነት ይባላል። ዋጋም አለው፦ ያንዱ ራስ ዳይስ አንድ ሲወጣ ሌላው ከእርሱ ላይ ሊበደር አይችልም፤ ለመተባበር የፈለገ ቀድሞ መቀራረብ አለበት። ተራው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 14 ተራ ይበቃል፤ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጠናቀቃል። ጣልያን የሚያሸንፍበት ምሽት አለ፤ መኖርም አለበት። ሲያሸንፍ ግን ብርጌዶቹን አቀራርቦ በማስሄዱ ነው፤ የኢትዮጵያው ተጫዋች እንደ በግ በመቆሙ አይደለም።

ከዚህ ጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ በየገጹ ስንሰዳደብበት ኖረናል። ምኒልክ መረብን ለምን አልተሻገሩም? አንዱ ኤርትራን ሆን ብለው ተዉ ይላል፤ ሌላው አይችሉም ነበር ይላል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አምስተኛ ገጽ ጨመርኩ፦ የእህል ደንብ። እያንዳንዱ አዛዥ በሳምንት አንድ የእህል ጠጠር ይበላል፤ ጠጠር ያጣ ጦር ወደ አገሩ ይመለሳል። ሠራዊቱ ከሸዋ ከወጣ 5 ወር ገደማ ሆኖታል፤ መቀሌን ከቦ ከርሟል፤ ትግራይ ከክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከነበረው ረኃብና የከብት እልቂት ገና አላገገመችም፤ ዝናቡም እየቀረበ ነው። ስለዚህ ጦሩ ከመንደር የሚሰበስበው በየሳምንቱ እያነሰ ይሄዳል። በወዲያ በኩል ባልዲሴራ ከምጽዋ ወገን አዲስ ጦር ይቀበላል። ቍስለኛው ለመሸከሚያ ሰው ይፈልጋል፤ ምርኮኛውም ይበላል።

አስቸጋሪው ከመረብ ማዶ ያለው ነው። በሐማሴን መንደሮች ውስጥ በዚያ መጋቢት ምን ያህል እህል እንደነበረ የሚወስነው ቁጥር ከፍ ካለ የምኒልክ ጦር አስመራ ይደርሳል፤ ዝቅ ካለ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ራሶቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ይነሣሉ። «ይችሉ ነበር» የሚለኝን ወዳጄንም «አይችሉም ነበር» የሚለኝንም ወዳጄን ከምኒልክ ወንበር ላይ አስቀምጬ ያንን ቁጥር ራሳቸው እንዲሞሉት ወረቀቱን ሰጥቻቸዋለሁ። አንደኛው 4 ጻፈ፤ ሌላው 2። እስካሁን ደንቡ ላይ ያለው 3 ነው፤ በእርሳስ።